የአባባ ባንኮኒ መብራት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ኡሙልኸይር፤ ካለሽበት ጅዳ ይድረስሽ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? እግርሽ ማበጡን ተወ? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? የምትሠሪላቸው ሰዎች ጠባያቸው ደህና ነው? እንቅልፍስ ያስተኙሻል? በአላህ ስም እለምንሻለሁ፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ለዚህ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን ብዬ ግን አልቀጥልም። ደህና ነን የሚለውን በስልክ ስነግርሽ ኖሬያለሁና በወረቀት ደግሜ አልዋሽሽም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ምን ላድርግ እትዬ! ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ናቸው፤ ስለ እሳቸው በፊታቸው እንዴት ላውራ? ድምፄን ቀርጬ ልላክላት ብዬ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ተዘግቼ ሞከርኩ፤ እንባ ቀደመኝና አጠፋሁት። በቤተሰቡ የስልክ ቡድን ላይ የተጻፈ ደግሞ ሳይውል ሳያድር አጎታችን ጋሼ ጀዋር ጆሮ ይገባል። የጎረቤታችን ልጅ ሁስና ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው ሲሉኝ፣ በእጇ ብልክላት ማንም አይሰማብኝም አልኩ። ስታነቢው ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። አባባ ትንሽ ይረሳሉ ስልሽ የኖርኩት ውሸት አልነበረም፤ የእውነቱ ጅራት ብቻ ነበር። ቀን ቀን ደህና ናቸው። ይሰግዳሉ፣ ይበላሉ፣ ከልጄ ከመርዋ ጋር ይቃለዳሉ። አንዳንዴ ስሟን ይስቱና በአንቺ ስም ይጠሯታል፤ እሷም ለምዳው አቤት ትላለች። መከራው የሚመጣው ለመግሪብ ሲቃረብ ነው። የአቮካዶው ዛፍ ጥላ ግቢውን መሙላት ሲጀምር አባባ ይነሳሉ። ጫማቸውን ይፈልጋሉ፣ ኮፍያቸውን ያደርጋሉ፣ መሽቷል እኮ፣ ልሂድ ይላሉ። ወዴት ስንላቸው አይመልሱም። እንዲህ ያለ ነገርም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን ያዩንና በሩን ይገፋሉ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ባለቤቴ ዘህራ ጃንጥላ ይዛ ከኋላ ከኋላቸው ትሄድ ነበር። የመቱን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ሰው እስኪደርስ አይጠብቅም። አባባ ጭቃውን እየረገጡ ወደ መናኸሪያው ይወርዳሉ፣ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ደክሟቸው ሲቀመጡ ዘህራ እጃቸውን ይዛ ትመልሳቸዋለች። እየቆየ ግን እጇን ይነጥቋት ጀመር። በሩን ቆለፍን። ያን ጊዜ የባሰው መጣ። ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እየደበደቡ፣ ሌባ ዘጋብኝ፣ የሰው ያለህ ብለው ጮሁ። ጎረቤት ወጣ፣ መንገደኛ ቆመ። የገዛ አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ቁልፉን ከፍቼ በሩን ለቀቅኩላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለአንቺ በስልክ፣ ትንሽ ይረሳሉ እንጂ ደህና ናቸው እል ነበር።

አሁን ደግሞ የማይመስል ነገር ልንገርሽ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። መርዋ በስልክ አንድ ጨዋታ አይታ ሥራልኝ ብላ ነዘነዘችኝ። ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው፤ ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፣ በአንድ በኩል ከፍ ተደርጎ ዘንበል ይላል፤ ከሩቅ ቆመሽ ትንሽ ከረጢት ትወረውሪና ቀዳዳው ውስጥ ታስገቢያለሽ። ይኸው ነው ጨዋታው። ሳንቃ ስፈልግ ከጓሮ ከማገዶው ሥር የአባባን የሱቅ ባንኮኒ አገኘሁ። መንገዱ ሲሰፋ የሱቆቹ መደዳ የፈረሰ ጊዜ ግማሹን አትርፌ አምጥቼው ነበር። የአባባ ክርን የፈገፈገው ቦታ እስካሁን ጎድጉዶ ያብረቀርቃል። ቀዳዳውን በመጋዝ ቆረጥኩለት፣ ከሥሩ እግር መታሁለት፤ ዘህራ ከአሮጌ ሱሪዎቼ ከረጢቶች ሰፍታ ባቄላ ሞላቻቸው። የሰፈሩ ልጆች ጨዋታውን ጎታ አሉት፤ ከረጢቱ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ጎታ ገባ ብለው ግቢውን ያደነቁሩታል።

አባባ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ተነሱና አንዱን ከረጢት ከመርዋ እጅ ወሰዱ። መዳፋቸው ላይ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረጉትና ዘህራን ዘወር ብለው አይተው፣ ይሄ ጎደሎ ነው፣ ሰው ይታዘበናል አሏት። አቤት የሳቅነው ሳቅ! ዘህራም ትእዛዝ ነውና ፈትታ ሞላችው። ከዚያማ ወረወሩ፤ የቀዳዳውን ጫፍ እንኳ ሳይነካ ገባ። ደግመው ወረወሩ፤ ገባ። ትዝ ይልሻል እትዬ፣ ሱቁ ውስጥ ሳሙናውንና የስኳሩን ጥቅል ከቆሙበት ወደ መደርደሪያው እየወረወሩ ሲሰኩት፣ ገበያተኛው ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ይቆም የነበረው? ጭንቅላታቸው የረሳውን እጃቸው አልረሳውም። የእኔን ስም ከሚያስታውሱት የሳንቃውን ቀዳዳ ይበልጥ ያስታውሱታል ብዬ ቀናሁ፤ ብትስቂብኝም ሳቂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስተዋልን። ጎታ እየተጫወቱ ከሆነ አይነሱም። ጥላው ግቢውን ቢሞላም ግድ የላቸውም። ግን ጨለማው ሲወርድ ቀዳዳው ይጠፋል፣ ከረጢቱ ይጠፋል፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ አባባም ያችኑ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ዘህራ አንድ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመልሳ፣ አንተ የሰው ቤት መብራት ስትጠግን ትውላለህ፣ የራስህ አባት ግን ጨለማ ይነዳቸዋል አለችኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ያችን በጥቅል የምትሸጠውን፣ ጀርባዋ የሚለጠፈውን ኤል ኢ ዲ መብራት ይዤ ገባሁ። በቀዳዳው ዙሪያና በሳንቃው ጠርዝ ለጠፍኳት። የእኛ አገር እርጥበት ምን ያስለጥፋል! እስከ ማታ ተልጣ ተንጠለጠለች። ቢቸግረኝ ግልጽ የውሃ ጎማ ገዝቼ ውስጡ አስገባኋትና ዝናብ እንዳይገባባት ጫፍና ጫፉን ደፈንኩት፤ ጎማውን በትንንሽ ሚስማር ሳንቃው ላይ አሰርኩት። ሽቦውን በይጄ ከቤት ሳብኩ፣ ከላይ ሸራ ወጠርኩ። እንዲህ በጥንቃቄ የሠራሁት ሥራ ያለ አይመስለኝም። ደንበኞቼ ሬድዮናቸውን ትቼ ሳንቃ ሳበራ እያዩ አበደ ሳይሉኝ አልቀረም።

የመጀመሪያው ማታ ግን አያድርስ ነው። መብራቷ በሪሞት የምትታዘዝ፣ መልኳን የምትለዋውጥ ናት። መርዋ ደስ ብሏት ቀይ ስታደርጋት፣ ሰማያዊ ስታደርጋት፣ ብልጭ ድርግም ስታደርጋት አባባ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ያስነሳው ክንፋም ምስጥ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ፤ ከረጢት ወርዋሪው ምስጥ ሲተፋ አመሸ። አባባ ተነሱ፣ ልሂድ አሉ፣ ድምፃቸውም ከሌላው ቀን የባሰ ነበር። እኔ ተስፋ ቆርጬ፣ አጥፊው፣ በቃ አጥፊው ብዬ መርዋ ላይ ጮህኩ። ልጅቷ ደንግጣ ሪሞቱን ስትነካካ መብራቷ ቢጫ ሆነች፤ ያ ደብዘዝ ያለ፣ የቅቤ መልክ ያለው ቢጫ።

አባባ በሩ ጋ ደርሰው ነበር። ዘወር አሉ። ቀስ ብለው ተመለሱ። ከሳንቃው ኋላ ዞረው ቆሙና በሸሚዛቸው እጅጌ ላዩን ጠረጉት፤ ምስጡንም ውሃውንም ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝና በኦሮምኛ፣ ማል ሲፍ ኬኑ አሉኝ። ምን ልስጥህ ማለታቸው ነው። እትዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ቢጫ የማሾው መልክ ነው! መቱ መብራት በማታገኝበት ማታ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ይንጠለጠል የነበረው ማሾ! ለካ አባባ ማታ ማታ የሚነሱት ወዴትም ለመጥፋት አይደለም። ሱቃቸው ክፍት ቀርቶባቸው ነው። ሱቁ የነበረው መናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። እየሄዱ የሚቆሙትም፣ ግራ ቀኝ የሚያዩትም እዚያ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ከኋላቸው ስንሄድ ኖረን ከሁለታችን አንዳችንም አልገባንም።

መብራት የበራበትን ሱቅ ጥሎ የሚሄድ ነጋዴ የለም። አባባም አልሄዱም። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ማታዎች ብታዪልኝ! ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ጥሩ ነገሩ ገብቷቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ ጋሼ አህመድ፣ ላምባ አለ ይሏቸዋል። አባባም ጠርሙስሽስ፣ በእጅሽ ልትወስጂው ነው ወይ ይሏቸዋል። ጨው የጠየቀ ከረጢት ይወረወርለታል፣ ሳሙና የጠየቀም ያው ከረጢት ይወረወርለታል፣ ልጆቹ ከቀዳዳው ሥር ተቀብለው ጎታ ገባ ይላሉ። ልጆቹ የሚጫወቱት ጎታ ነው፤ አባባ ገበያ ላይ ናቸው። ሁለቱም እኩል ደስ ብሏቸው ያመሹ ነበር።

ማጥፋቱ ነበር ያስቸገረን። መብራቷን ድንገት ስናጠፋ ይደነግጣሉ፣ ጨለማውን ይዘው ይነሳሉ። መላውን ያገኘችው ዘህራ ናት። ማጥፋት አይደለም፣ መዝጋት ነው የሚያስፈልገው አለች። ቀርባ፣ አባባ፣ ገበያው ተበተነ፣ እንዝጋ አለቻቸው፤ የእኔን መጠገኛ ሱቅ ቁልፍ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። አባባ ከረጢቶቹን ሰበሰቡ፣ ሳንቃውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት፣ ቁልፉን በባዶ አየር ላይ አዙረው ኪሳቸው ከተቱና ለኢሻ ሶላት ገቡ። ተኙ! ጠዋት ጠዋት ሱቄን ለመክፈት የአባቴን ኪስ የምበረብር ሌባ ሆንኩ፤ አሁን እንኳ ቢሰድቡኝ ይገባኛል። ዘህራ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ስታድር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታችን ግን ዕድሜ አልነበረውም። ጋሼ ጀዋር ከወራቤ ደወሉ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መክረው ጨርሰዋል። ዘንድሮ ለአረፋ እንደ ወጋችን ሁሉም አገር ቤት ሲገባ አባባም ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አይመለሱም፣ እሳቸው ቤት ይቀመጣሉ። ሰውየው አገሩን እየፈለገ ነው፣ ማታ ማታ የሚነሳው ለዚያ ነው፣ አጥንቱ ከአባቶቹ ጎን ይረፍ አሉኝ። እኔም እንደ ምንም ብዬ የሳንቃውንና የመብራቱን ነገር ነገርኳቸው። አባባ የሚፈልጉት ሱቃቸውን ነው አልኩ። ጋሼ ጀዋር ሳቁ። ሱቅ አገር ይሆናል ወይ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ዝም በል አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምን ላድርግ? ታናሽ ነኝ፣ የታናሽ ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሽማግሌ በተናገረበት ቢናገር ባለጌ ይባላል።

አምና ለአረፋ ወስደናቸው የሆነውን ግን ማንም አልነገረሽም፤ እኔም በስልክ ደብቄሻለሁ። የተወለዱበት ቤት አስገባናቸው። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ነበር። ጋሼ ጀዋር አቅፈው በስልጢኛ እያለቀሱ አናገሯቸው። አባባ በኦሮምኛ መለሱላቸው። እንዴት ዋላችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ እኔ ግን መሽቶብኛል፣ መንገደኛ ነኝ አሏቸው። ለገዛ ወንድማቸው! ስልጢኛው አንድ ቃል አልቀረላቸውም፤ የቀረላቸው የመቱ ገበያ ቋንቋ ነው። ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሼ ጀዋር አፈሩ፣ ሰይጣን ነው የሚያናግረው ብለው ቁርዓን አስቀሩባቸው። ማታ ጠፉ። ከእንሰቱ መሀል ኩርምት ብለው በብርድ ሲንቀጠቀጡ አገኘኋቸው፤ እጄን ይዘው፣ አንተ መቱን ታውቃለህ፣ ውሰደኝ አሉኝ። ልጃቸው መሆኔን አላወቁም። መቱን እንደማውቅ ብቻ አውቀዋል። ወደዚያ ነው እንግዲህ የሚወስዷቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የባሰውን ልጻፍልሽ፤ እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት እሱን ስፈራ ነው። መብራት መጥፋቱ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለምና አስቀድሜ አስቤበት ነበር። ዋቁማ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት አለን፤ አላህ ዕድሜ ይስጠውና ደግ ልጅ ነው። ማታ ሥራ ሲያቆም ባትሪውን ፈትቶ ያመጣልናል፣ መብራት ሲሄድ ሳንቃውን በእሱ አበራለሁ፣ ጠዋት መልሶ ይገጥማል። አባባን ጃርሰ ኬኛ ነው የሚላቸው፣ ሽማግሌያችን ማለቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ያ ሁሉ ዝናብ የዘነበ ማታ መብራት ሄደ። ባትሪውን አገናኘሁ፤ ባትሪው በየማታው ሲበራበት ስለኖረ ደክሞ ነበር። ቢጫዋ መብራት ቀስ በቀስ ቀላች፣ ጨለመች። እኔ ሻማ ፍለጋ ቤት ገባሁ። ዘህራ ሸራው ሥር የነበሩትን ልጆች ታስገባለች። ስንወጣ በሩ ተከፍቷል።

እትዬ፣ ያን ማታ በመቱ መንገድ እንዴት እንደሮጥኩ አላህ ይወቀው። በባዶ እግሬ ነበርኩ። አባባ፣ አባባ ብዬ ስጣራ ዝናቡ ድምፄን ይውጠዋል። ዋቁማ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አስፋልቱ መሀል ቆመው አገኛቸው፤ ሱቁ በነበረበት ልክ። የጭነት መኪና መብራት ከሩቅ ሲመጣ ወደ ብርሃኑ ሄደዋል። ሾፌሩ መሪውን ባይጠመዝዝ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ስፖኪዮው ቀኝ ክንዳቸውን መቶ ጣላቸው። ሆስፒታል አደርን። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ እስከ ትከሻቸው ጀሶ ታስሯል። ያ የሚወረውሩበት እጅ ነው።

አሁን ማታ ማታ ሳንቃውን አበራላቸዋለሁ፤ ካላበራሁ ይነሳሉ። ይቆማሉ ከኋላው። በቀደም እትዬ ጥሩ እንደ ልማዳቸው መጥተው ጨው አለ ይላሉ። አባባ ክንዳቸውን ሊያነሱ ይሞክራሉ፣ ጀሶው አይነሳም። ያዩታል። እንደገና ይሞክራሉ። ከዚያ ለእትዬ ጥሩ፣ አለ፣ እንዳትሄጂ፣ አለ እያሉ ማልቀስ ይጀምራሉ። አባታችን ሲያለቅሱ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እናታችን በሞተችበት ቀን እንኳ አላየሁም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኛ ቤት ሰሞኑን ያልገደደ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጨው አልጠየቁም፣ መጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ።

ጋሼ ጀዋር የክንዳቸውን ነገር ሰምተው አረፋን አልጠብቅም ብለዋል። ሊገድላቸው ነው ብለው ለዘመድ ሁሉ ነግረውብኛል። መኪና ይዘው በጅማ አድርገው በዚህ ሳምንት ይመጣሉ። መጥተው ቢወስዷቸው የሚሆነውን አይቼዋለሁ። ቋንቋቸውን በማይሰማ ሰው መሀል፣ በማያውቁት ግቢ፣ በጨለማ ሱቃቸውን ሲፈልጉ ነው የሚያልቁት። አጥንታቸው ከአባቶቻቸው ጎን ያርፍ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን ይሞታሉ።

አልዋሽሽም ብያለሁና ይህንንም ልጨምር። ደክሞኛል እትዬ። ሱቄ ከሚከፈትበት የሚዘጋበት ቀን በዝቷል፣ ዘህራ ከስታ ልብሷ ሰፍቷታል፣ መርዋ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ትተኛለች አሉኝ። ይውሰዷቸው፣ አንድ ሌሊት ልተኛ የሚል ሐሳብ የሚመጣብኝ ሰዓት አለ። ከዚያ የአባባን ጫማ በሩ ሥር ሳየው ራሴን እጠላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዘህራም ቢሆን። አንቺ ስላሳደግሽኝ ነው የምነግርሽ።

የምለምንሽ ይህ ነው። የበኩር ልጅ ነሽ፤ ጋሼ ጀዋር እኔን ልጅ ይሉኛል፣ አንቺን ግን ይፈሩሻል፣ እናቴን ትመስላለች እያሉ ሲያነሱሽ ሰምቻለሁ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ሌላ ነገር ሳትሠሪ ደውዪላቸው። አባቴ ከመቱ አይነሱም በያቸው። በልመና አይደለም፣ በትእዛዝ። እኔ ሺህ ጊዜ ብናገር የማይሰማውን አንቺ አንዴ ከተናገርሽው ያልቃል። ሁለተኛውን ልመና ለመጻፍ ግን እጄ ይፈራል። ነይ። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማው እንዳይቃጠል፣ ከወጣሽ መመለሻው እንዳይዘጋብሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ እኔ ባንቺ ቦታ ሆኜ አላውቅምና አልፈርድብሽም። ነገር ግን የሁላችንም ስም ከአባባ አፍ እየረገፈ አልቋል። የእኔ ሄዷል፣ የዘህራ ሄዷል፣ የእናታችን እንኳ ሄዷል። ያንቺ ብቻ ቀርቷል።

ዘህራ እጅሽን ይዛ ሰላም ትልሻለች፤ ስለ ወገብሽ ዱዓ እያደረገች ነው። መርዋ አክስቴን ሳሚልኝ ብላ ለሁስና ስትነግር ሰምቻታለሁ፤ ትምህርቷን እንድትጠይቂያት ግን አትፈልግም። እትዬ ጥሩ፣ እግዜር ያውጣሽ፣ አገርሽ ግቢ ብለዋል። ዋቁማ በራሱ ቋንቋ ነጋን ቡሊ፣ በሰላም እደሪ ይልሻል፤ ባትሪው ስለደከመበት ማታ እስካሁን ይቅርታ ይለኛል፣ እኔም በቃ ተወው ብለው አይሰማኝም።

የአባባን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ለኡሙ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልዎት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ ኡሙ ዕቃ ልታመጣ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች አሉኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ዘህራ እንዝጋ ስትላቸው እንቢ ብለዋል። ኡሙ ሳትገባ አይዘጋም፣ ልጅቷ በዚህ ጨለማ ሱቁን በምን ትለየዋለች ይላሉ። ቁልፉን ብንሰጣቸው አይቀበሉም። ጀሷቸውን ሳንቃው ላይ አስደግፈው፣ እንቅልፍ እስኪጥላቸው በሩን በሩን ያያሉ። ትንሽ በቆየ ቁጥር፣ አልመጣችም ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ታናሽ ወንድምሽ
ረድዋን አህመድ

መቱ፣ ኢሉባቦር
ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.